ወደ ግራ ያጋደሉ አንገቶች

ወንድሜ የቲያትር አሰልጣኝ ነው። ራሱን ሲያስተዋውቅ ግን እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ «አርቲስት» ይላል። ሰዉ ከየትኛው ፊልም ላይ እንዳየው ለማስታወስ ሲጨነቅ እየታዘብኩ እስቃለሁ። የትም አላዩትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በወጣቶች ማዕከል ተቀጥሮ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞረ ልጆች ያለማምዳል፤ እኔ ታናሽ እህቱ ደግሞ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ የተማሪዎቹን አልባሳት እሰፋለሁ። የሚኖረውም ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ሚስት አላገባም። ማንስ ታገባዋለች?

አስተማሪነቱን ላውራችሁ። አርባ ልጅ ወለል ላይ ያስተኛና «ዘር ናችሁ፤ ዝናቡ መጣ፤ አሁን ቀስ ብላችሁ ብቀሉ» ይላቸዋል። ልጆቹ እጃቸውን እያወዛወዙ ይበቅላሉ። ሁለት ሦስቱን እንቅልፍ ይወስዳቸውና ሳይበቅሉ ይቀራሉ። በማግስቱ እናቶች የቆሸሸና ጉልበቱ የተቀደደ ዩኒፎርም ይዘው የሚመጡት ግን ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እኔ ነው።

ድርሰቱም ያው አንድ ነው። የታመመ ልጅ፣ የምትመክር እናት፣ መጨረሻ ላይ ከች የሚል ሐኪም። የጤና መሥሪያ ቤት ሲጠይቀው ልጁ እጁን ሳይታጠብ በልቶ ይታመማል፤ ትራፊኮች ሲጠይቁት ልጁን መኪና ይገጨዋል። እናትየዋ በሁሉም ላይ ያንኑ ትላለች፦ «ልጄ ሆይ፣ ምክሬን ችላ ባትል ኖሮ ይህ ሁሉ መከራ ባልደረሰብህ ነበር።» እንዲህ ብላ የምታወራ እናት በሕይወቴ አላጋጠመችኝም። ይህንኑ ስነግረው፣ ኪነ ጥበብ ስለሆነ አይገባሽም አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም ትቼዋለሁ።

ከሁሉ የሚያንገሸግሸኝ ግን ማቀበሉ ነው። ልጆቹን አያምናቸውም። ትርኢት በቀረበ ቁጥር በስተግራ ካለው መጋረጃ ጀርባ ይቆምና እያንዳንዷን ቃል በሹክሹክታ ያቀብላቸዋል፤ ልጁ ጆሮውን ጣል ያደርጋል፣ ይሰማል፣ ይደግማል። ለምን ራሳቸው አያጠኑም ብለው የጠየቁት መምህራን ነበሩ። «የእኔ ልጅ መድረክ ላይ ቃል አጥቶ አይቆምም» ብሎ ደረቱን ነፋባቸው። እኔንም በየትርኢቱ ከጎኑ ያቆመኛል፣ ልብስ ቢቀደድ ብሎ። በሃያ ሁለት ዓመት የተቀደደው ሁለት ጊዜ ነው።

እናም የእሱ ተማሪ ሁሉ አንገቱን ወደ ግራ አጋድሎ ነው የሚያወራው። ካደጉም በኋላ አይለቃቸውም። ባንክ ቤት ያለችው ልጅ፣ ጥያቄ ስጠይቃት መጀመሪያ ግራ ጆሮዋን ለግድግዳው ትሰጥና ከዚያ ትመልስልኛለች። ጤና ጣቢያ ያለው ነርስም እንዲሁ። ሕመምተኛው የሰውዬው አንገት ሲጣመም እያየ ክፉ ነገር ሊነግረኝ ነው ብሎ ይደነግጣል። ስንቱን ልጅ አጣሞ እንደለቀቀ አንድዬ ይቁጠረው።

ይህ አመሉ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እናታችን የአንድ ትልቅ ቲያትር ቤት ልብስ ሰፊ ነበረች። እሱ አሥራ ዘጠኝ፣ እኔ አሥር ዓመታችን ሳለ ለምና ለምና የዘበኛ ሚና አሰጠችው። የሚናገረው ሦስት ቃል ብቻ ነበር፦ «ጌታዬ፣ በሩ ተሰብሯል።» እነዚያን ሦስት ቃላት ወር ሙሉ ተለማመዳቸው። እኔን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ጌታ ያደርገኛል፤ እየሮጠ ገብቶ በሩ መሰበሩን ይነግረኛል። የትርኢቱ ዕለት ጠዋት ሳቄ አመለጠኝና በጥፊ አጮለኝ።

ከሰዓት በኋላ ጦሩን ይዞ ገባ፣ ጌታው ፊት ቆመ፣ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ምንም። እኔ የእናቴን መርፌ መሰኪያ ትራስ ታቅፌ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከእሱ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበርኩ። ቃሉን ከእሱ ይልቅ እኔ አውቀው ነበር። ጉንጬ ገና ይለበልበኛል። ይበለው አልኩና ዝም አልኩ። መጨረሻ ላይ ትልቁ ተዋናይ ራሱ «በሩ ተሰብሯል ልትለኝ ነው?» አለው። ወንድሜ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ሚና የሚባል ነገር ዳግመኛ አላገኘም። ብዙ ዓመት እዚህም እዚያም ሲሠራ ቆይቶ የስድስት ሳምንት ኮርስ ወሰደና አሰልጣኝ ሆነ። ያን ቀን አውቄ ዝም ማለቴን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ባለፈው ወር ማዕከሉ ከሁለቱ አሰልጣኞች አንዱን ሊቀንስ መሆኑ ተሰማ። ገምጋሚ መጥታ የሁለቱንም ትርኢት አይታ ትወስናለች ተባለ። ለጡረታው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ከዚህ ሥራ በቀር በዓለም ላይ ምንም የለውም። እውነቱን ለመናገር፣ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጦ ስለ ኪነ ጥበብ ሲደሰኩርልኝ ታየኝና ዘገነነኝ። እንዲያልፍ ከልቤ ተመኘሁለት።

እሱ ግን «አፋችሁን ክፈቱ» እያለ ሦስት ቀን ሙሉ ልጆቹ ላይ ሲጮህ ከርሞ፣ በአራተኛው ቀን ድምፁ ጥርግ ብሎ ጠፋ። ሹክሹክታ እንኳ አልቀረውም። ብልህ ሰው ቢሆን ልጆቹን ቃሉን ያስጠናቸው ነበር። እሱ ግን የግምገማው ዕለት እንደልማዱ መጋረጃው ጀርባ ቆመ፤ እኔም እስፒሎቼን በከንፈሬ ይዤ ከጎኑ። ገምጋሚዋ የፊተኛው ወንበር ላይ ወረቀቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

ታማሚው ልጅ ተኛ። እናት የሆነችው ልጅ ገባች፣ አጠገቡ ቆመች፣ አንገቷን ወደ ግራ አጋደለች። የተኛውም ልጅ አጋደለ። በዚያ ማዶ ሐኪሙም ከመግባቱ በፊት አጋድሎ ይጠብቃል። ወንድሜ ከንፈሩን ያላውሳል፣ ነፋስ ብቻ ይወጣል። ላቡ በግንባሩ ወረደ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ፤ በእጁ ወደ አፌ፣ ከዚያ ወደ ልጅቷ ጠቆመ።

ሃያ ሁለት ዓመት የሰማሁትን እንዴት አላውቀውም? እስፒሎቹን ከአፌ አወጣሁ። «ልጄ ሆይ» ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ያንን የማይረባ ዓረፍተ ነገር በገዛ አፌ ማለት አስጠላኝ፤ የልጅቷ የተጣመመ አንገትም አናደደኝ። አፌን መልሼ ገጠምኩ።

ልጅቷ ጠበቀች፣ ጠበቀች። ሲቆይ አንገቷን አቀናችና የተኛውን ልጅ ቁልቁል አየችው። «እጅህን ታጠብ ያልኩህ ስንቴ ነው? አሁን እኔ ሥራ ልሂድ ወይስ አንተን ላስታምም?» አለችው። ልጁ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ «ውሃው ይቀዘቅዛላ!» አላት። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ያቆማቸው አልተገኘም።

ትርኢቱ ሲያልቅ ገምጋሚዋ ወደ ወንድሜ መጣች። ሌላ ቦታ ያየቻቸው ልጆች በቃል የሸመደዱትን ሲያነበንቡ እንደነበር፣ እዚህ ግን በራሳቸው አንደበት መናገራቸውን፣ እሱም እንደሚቀጥል ነገረችው። አርቲስቱ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ ጎንበስ አለላት፤ ሁሉን ራሱ ያቀደው ነው የሚመስለው።

ልጆቹ ሄዱ፤ ሁለታችን አልባሳቱን እናጣጥፍ ጀመር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ደስታው አበገነኝ መሰለኝ፣ ተናገርኩት።

«ጋሼ፣ ያን ቀንም ቃሉን አውቀው ነበር። በሩ ተሰብሯል የምትለዋን።»

ማጠፉን አላቆመም። ከዚያ እርሳሱን አወጣና የድርሰቱ ጀርባ ላይ ጻፈ፦ «አውቃለሁ። አይቼሻለሁ። አፍሽን ገጥመሽ ነበር።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን አድርጊ ብለህ ነው እዚህ የምታቆመኝ? ልብሱ እንደሆነ አይቀደድ።»

የሐኪሙን ነጭ ካፖርት አጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ከከተተ በኋላ ጻፈና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። «አንድ ቀን ታቀብይኛለሽ ብዬ» ይላል።

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። አንገቴ ወደ ግራ ማጋደሉ የታወቀኝ ቆይቶ ነው፤ በዚያ በኩል ግን ማንም አልነበረም።