ጋሼ ሰይድና የሎሚው ጉቶ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... ጋሼ ሰይድ ደወሉልኝ። «ማሪቢርኖንግ ሰፈር አድርሰኝ እስቲ፤ የድሮ ቤቴን አፍርሰውታል አሉ።»

ጋሼ ሰይድ ወሎ ውስጥ የአረብኛ ግጥም ሲማሩ ያደጉ፣ አሁን በስደት፣ ሰንሻይን በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዱ ሰው ናቸው። ከሚስታቸው ከእትዬ ዘሀራ ተፋተዋል፤ ቤቱም ለሚስትየው ደርሷል።

መንገድ ላይ አስረዱኝ። የጥንት አረብ ገጣሚ ግጥሙን ሲጀምር፣ ወዳጁ ትታው የሄደችው ሰፈር ላይ ይቆማል። የድንኳኗን ካስማ፣ የጠቆረውን የምድጃ ድንጋይ እያየ ያለቅሳል። ጋሼም ለእትዬ ዘሀራ ግጥም ጀምረዋል... የጎደላቸው ፍርስራሽ ብቻ ነበር።

«ይህን ከሰማች ትመለሳለች» አሉኝ። ልስቅ ብዬ ፊታቸውን ሳየው ተውኩት። ሰውየው ከልባቸው ነው።

ስንደርስ ቤቱ የለም። የጡብ ክምር፣ የተሰበረ መስኮት፣ ጥግ ላይ ደግሞ የደረቀ የሎሚ ጉቶ። የጋሼ ፊት በራ! ጉቶውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በአረብኛ ያንቆረቁሩት ጀመር። እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል። አንድ ቃል ሳይገባኝ እኔም ሆዴ ባባ።

ለካ እትዬ ዘሀራ መጥተው ከኋላችን ቆመዋል። እጃቸውን አጣጥፈው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«በአማርኛ ምንድን ነው?»

ጋሼ ተረጎሙላቸው። «ነፋስ ቤትሽን ቢያጠፋውም፣ ዛፍሽን በእንባዬ አጠጣዋለሁ።»

እትዬ ዘሀራ ጉቶውን አዩ፤ ከዚያ ሰውየውን።

«ድርቁ የገባ ጊዜ፣ በውሃ ጎማ ማጠጣት ሲከለከል፣ የልብስ እጣቢ በባልዲ እየተሸከምኩ ያቆየሁት ዛፍ ነው። አንተ በመስኮት እያየኸኝ ግጥም ታነባለህ። ወገቤን ሲይዘኝ አንድ ባልዲ አንሳልኝ ብልህ፣ ‹ይህችን ገጽ ልጨርስ› አልከኝ። በዚያው ደረቀ።»

«ዘሀራ...»

«እንባህን ለራስህ ያዘው። አሁን መኪናችሁን አንሱልኝ፣ ለአዲሱ ቤቴ ኮንክሪት እየመጣ ነው።»

መኪናውን አንስተን ወደ ሰንሻይን ተመለስን። ላጽናናቸው ብዬ፣ «ጋሼ፣ ግጥሙ ግን ያምራል» አልኳቸው።

«አንተ ምን ታውቃለህ፣ አረብኛ አትችል!» ብለው ጮሁብኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

የጥንቶቹ ገጣሚዎች ታድለው... ፍርስራሹ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ ሴትየዋ አትመጣባቸውም።