አረንጓዴው ባንዲራና እታለም

ገና የስድስተኛ ክፍል ልጅ ሳለሁ፣ ደብረ ታቦር ላይ የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲደርስ ከተማው ለሁለት ይከፈል ነበር። እኛ የላይ ሰፈር ተማሪዎች አረንጓዴ ባንዲራ ይዘን፣ የታች ሰፈሮቹ ደግሞ ቢጫ ይዘው፣ እየዘፈንን ሜዳው ድረስ እንሄዳለን። ያን ዓመት አረንጓዴውን እንድይዝ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም፤ እታለም የምላት ታላቅ እህቴ አክስታችን ቤት ሆና ታች ሰፈር ትማር ስለነበር፣ በረጅሙ ሩጫ ለቢጫዎቹ ልትሮጥ ነው።

ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። በመጨረሻው ዙር የእኛዋ ትዕግሥትና እታለም ትከሻ ለትከሻ ሆነው መጡ። ልክ ፊት ለፊቴ ሲደርሱ እታለምን ጭቃው አዳለጣትና በግንባሯ ተደፋች። ከኋላዬ ያለው ሁሉ በደስታ ጮኸ። እኔ ግን ባንዲራውን አጠገቤ ለቆመችው ልጅ ሰጥቼ ወደ ሜዳው ገባሁ።

«እታለም! ተነሽ እንጂ! ተነሽ!»

ተነሳች። ጉልበቷ እየደማ ሁለተኛ ወጣች። የእኛ ልጆች «ከዳተኛ!» አሉኝ፤ መምህራችንም ባንዲራውን ለሌላ ተማሪ ሰጡት።

ያኔ አባባ የምንላቸው አያታችን ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። የውድድሩ ቀን ሲመሽ መብራት ስለጠፋ ኩራዙ በርቶ፣ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን ምድጃውን ከበን ተቀመጥን። አኩርፌ ራት አልበላም ስል፣ አባባ ፍሙን እየቆሰቆሱ የጉብዝናቸውን ዘመን ያወጉኝ ጀመር። በገና ጨዋታ መንደራቸው ከወንዝ ማዶ ሰዎች ጋር ሲገጥም፣ እሳቸው በዱላ የመቷት ሩር፣ ያች ጠንካራ የእንጨት ኳስ፣ የማዶ ሰው የነበረውን የእህታቸውን ባል ቅልጥሙን አገኘችው። ወገናቸው ሲጨፍር እሳቸው ዱላቸውን ጥለው፣ አማቻቸውን አዝለው ወንዙን ተሻገሩ።

«ጨዋታውስ?» አልኳቸው።

«ተሸነፍን።»

«ሰዎቹ አልተቆጡዎትም?»

«እንዴታ! እስከ ጥምቀት ያናገረኝ የለም። ጥምቀት ሲደርስ ግን ታቦቱን አብረን ሸኘን። በይ አሁን ራትሽን ብዪ።»

ሰኞ ክፍል ስገባ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። ትንሽ ቆይታ፣ ያሸነፈችው ትዕግሥት ራሷ ደብተሮቿን ታቅፋ መጥታ ጎኔ ተቀመጠች።

«እህትሽ ባትነሳ ኖሮ ዘና ብዬ እገባ ነበር፤ ነፍሴ እስኪወጣ አስሮጠችኝ!» ብላ ሳቀች።

ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተመለሱ። ባንዲራው ግን ዳግም አልተሰጠኝም።

አባባ ካረፉ ቆይተዋል። ካወጉኝ ብዙው ጠፍቶብኛል፤ ያ ምሽት ግን አብሮኝ አለ። ዛሬ የእታለም ልጆች ታች ሰፈር፣ የእኔዎቹ ላይ ሰፈር ይማራሉ። ውድድር ሲኖር ሜዳው ዳር ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እሷ ለቢጫው እኔ ለአረንጓዴው ጉሮሯችን እስኪነቃ እንጮኻለን። ልጅ የወደቀ እንደሆነ ግን የማን ወገን እንደሆነ ሳንጠያየቅ ሁለታችንም ብድግ እንላለን።