የአማቻችን አገር በሁለት ገጽ

እህቴን ላግባ ብሎ የጠየቀውን ሰው ዘር ያጣራሁት እኔ ነኝ፤ አበሻ በሚበዛበት ሰፈር፣ ኢስትሊ፣ ሳይበር በሚሉት ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ተቀምጬ፣ በደቂቃ እየከፈልኩ።

ሰውየው የካሪቢያን ደሴት ሰው ነው። አገሩ ከትንሽነቷ የተነሳ ካርታ ላይ ስሟ ከራሷ ይበልጣል፤ መሬቱ ላይ ቦታ ስለሌለ ስሙን የጻፉት ባሕሩ ላይ ነው። ሥራው ከተማው ሌላ ጫፍ፣ ዌስትላንድስ ካለ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ምሳውን የሚበላው ግን ኢስትሊ፣ አባቴ ምግብ ቤት። ለአንድ ሽሮ ያን ሁሉ ትራፊክ አቋርጦ ሲመጣ ምግቡን ወዶ መስሎን ነበር። ለካ የሚመጣው ትሪውን ለምታቀርብለት እህቴ ነው። ሃይማኖቱ አላስቸገረም፤ እኛ ቤተ ክርስቲያን እየሄደ መማር ጀምሯል። መሥሪያ ቤቱ ያለ አንድ አበሻ ደግሞ ደንቡን አስተማረውና ሦስት ሽማግሌዎች ላከብን። ካሳራኒ፣ ቤታችን ያለበት አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለኩ ወጥተው፣ አንቀመጥም ብለው በር ላይ ቆመው፣ ልጅዎን ለልጃችን አሉ። አባቴም እንደ ደንቡ፣ "እስኪ እንጠይቅ፣ እናጣራ፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ" ብሎ ሸኛቸው።

አገር ቤት ቢሆን ለማጣራት ሰው ይላካል። የማን ልጅ ነው? አጥንቱ ምንድን ነው? በዘሩ በሽታ አለ ወይ? ጎረቤት ይጠየቃል፣ የነፍስ አባት ይጠየቃል። ውቅያኖስ መሃል ግን ማን ይላካል? አባቴ ሦስት ቀን ሲብሰለሰል ሰነበተና ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ ሁለተኛ ደረጃውን፣ ፎርም ፎሩን፣ ጨርሰሻል አይደል? በዚያ በኮምፒዩተሩ ስለ አገሩ አጣሪልኝ። ሰው መቼም አገሩን ነው የሚመስለው።"

እዚህ ላይ ስለ ራሴም ልናገር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከተማ መሃል ያለ ኮሌጅ የአየር መንገድ ትኬት ሥራ ልማር ተመዝግቤ ጥር እስኪገባ ቀን እቆጥራለሁ። አባቴ ስኳር አለበት፤ ግራ እግሩ ላይ አልድን ያለ ቁስል ስላለ ብዙ መቆም አይችልም። ምግብ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እህቴ ናት። እሷ ካገባች ሽርጧን ማን እንደሚያስር ሁላችንም እናውቃለን። ማንም ግን አላነሳውም። እንግዲህ አጣሪ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ የምትጎዳዋ ልጅ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ገጽ አገኘሁ። አንድ ትልቅ ድርጅት ስለየአገሩ የሚያወጣው ሠንጠረዥ ነው። በግራ በኩል ጥያቄ የሚመስል ነገር ይላል፣ በቀኝ በኩል ቁጥር። የሕዝብ ብዛት። በዓመት የሚወለደው፣ የሚሞተው። ሥራ ያጣው ከመቶ ስንት። የስኳር ሕመምተኛው ከመቶ ስንት። አንድ ሐኪም ለስንት ሰው። ተምሮ አገሩን ጥሎ የሚሄደው። እያነበብኩ ስወርድ ሽማግሌ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ ያለበት መሰለኝ፤ ልዩነቱ መልሱ ነጥብ ያለው መሆኑ ነው። ሁለተኛው ገጽ ታች ላይ "ከጋብቻ ውጪ የተወለዱ ልጆች" የሚል አለ። ቁጥሩን ሳይ ሳላውቀው "ኧረ!" ብዬ ጮህኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሶማሌ ልጅ ዞራ አየችኝ። አሳተምኩትና ወጣሁ።

ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አጥፌ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት። ገንዘብ እንኳ እዚያ አስቀምጬ አላውቅም።

ቤት ስደርስ እህቴ ኩሽና ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

"አምጪ።"

በእርጥብ እጇ ይዛ ቁልቁል አነበበችው፤ ታች ስትደርስ ቆመች።

"ይቺን አታንብቢያት።"

"ለምን?"

"እንዲሁ።"

"እንዲሁ ብሎ ነገር የለም። አባዬ አጣሪ አለኝ፣ አጣራሁ።"

በሩን በክርኗ ገፍታ ዘጋችው። "ያሳደገችው እናቱ ናት። አባቱ ሌላ ሚስት፣ ሌላ ቤት አለው። እናቱን አላገባትም። አባዬ ይሄን ከሰማ አለቀልኝ።"

"እና እኔ ዋሾ ሆኜ አንቺ ልትሄጂ?"

"አንዲት መስመር ዝለይ ነው ያልኩሽ! ደግሞ ምን ትሆኛለሽ? አንቺ እንደሆን ሥራ የለሽም።"

ሥራ የለሽም። ኮሌጁን ረስታዋለች። ወይም አልረሳችውም፤ የትኛው እንደሚብስ እስካሁን አላውቅም። ወረቀቱን ከእጇ መነጨቅኩት።

በማግስቱ እሑድ ከምሳ በኋላ የእህቴ የክርስትና አባት መጡ። እርዳታ ድርጅት ውስጥ ያረጁ፣ ሠንጠረዥ የማያስደነግጣቸው ሰው ናቸው። አባቴ እግሩን ትራስ ላይ ሰቀለና "በይ" አለኝ።

ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። የሕዝቡን ብዛት ስል አባቴ አስደገመኝ።

"ይሄ አገር ነው ቀበሌ?"

"አገር ነው። ባንዲራ አለው።"

"ከዚህ እስከ ቲካ መንገድ ያለው ሰው አይበልጠውም? ልጄ እዚያ ሄዳ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይቀብራታል? ዕድር የሚያህል ሕዝብ!"

"ዕድር ከሆነማ በደንብ ይቀብራታል" አሉ የክርስትና አባቷ። "የሚቀር የለማ!"

እህቴ ሳቀች። የአባቴን መድኃኒት የምታቀርብበትን ብርጭቆ ይዛ ግድግዳውን ተደግፋለች። የሕፃናቱን ሞት ሳነብ "ከእኛ በስንት ጣዕሙ" አሉ ሰውየው። ሥራ አጥነቱን ስል አባቴ "ሥራ ፈቶች" አለ።

"እሱ ይሠራል" አለች እህቴ።

"አንቺን የጠየቀሽ የለም።"

ስኳር ላይ ደረስን። ቁጥሩን ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩት። አባቴ እግሩን አየ።

"ስኳር በሽታ አይባልም" አለ ቀስ ብሎ።

"በዘር የሚሄድ ነው ይባላል፤ ይመዝገብ እንጂ" አሉት ወዳጁ።

"በማን ዘር?" ብሎ ተቆጣ። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። እህቴን ሳያት ትከሻዋ ወርዶ፣ ፊቷ ፈታ ብሎ ነበር። ነገሩ እየሄደላት ነው።

አንዲት መስመር ቀረች። ወረቀቱን አጥፌ "ይኸው ነው" ብል ማንም አይጠይቀኝም። እህቴ አይን አይኔን ታያለች። ጆሮዬ ውስጥ ያለው ግን "ሥራ የለሽም" የሚለው ነው። ከሌላው መስመር ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኳት። ከነቁጥሯ።

ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ውሃው ፈሰሰ። አባቴ ወደ እሷ ዞረ።

"እሱስ? እሱ ከየትኞቹ ነው?"

ዓይኗን ከብርጭቆው አላነሳችም።

"ልጄ፣ እየጠየቅኩሽ ነው።"

"አባቱ እናቱን አላገባትም።"

"በቃ" አለ አባቴ። እግሩን ከትራሱ አወረደ። "ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አይሆንም እላለሁ። አባት ቆሞ ባላሳደገው ቤት ልጄን አልሰጥም።"

ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ ነበር። እውነቱን ለመናገር ለአፍታ ደስ ብሎኛልም። ከዚያ እህቴ ጎንበስ ብላ የፈሰሰውን ውሃ በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አየሁ፤ ጨርቅ አጠገቧ እያለ፣ በነጠላዋ። 

የክርስትና አባቷ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው መነጽራቸውን አወጡ። "ቆይ እንጂ ወንድሜ። አንተ ያጣራኸው አገሩን ነው። ሰውየውን መቼ አጣራህ?"

"ማንን ልጠይቅ?"

"እናቱን።"

"እናት ይጠየቃል? ልጇን ልታማልኝ ነው?"

"ይቺን በምታክል አገር እናትም ጎረቤትም ያው ናት" አሉ። "ስልክ የላትም?"

ቁጥሩ እህቴ ጋ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ከፎቁ ሥር ወዳለው ሳይበር ወረድን፤ እዚያ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው ተብሏል። ወደ ውጭ የሚደወልበት ክፍል ለአንድ ሰው የተሠራ የጣውላ ሳጥን ነው፤ ለአራት ገባንበት። መነጋገሪያውን መጀመሪያ የክርስትና አባቷ ያዙ። የደሴቱ እንግሊዝኛ ግን እንደ ዜማ እየሮጠ አልያዝ ሲላቸው ለእኔ ሰጡኝ። እህቴ በሩን ተደግፋለች። እንዲህ በይ፣ እንዲህ አትበይ አላለችኝም። ማታ ለምናኝ ነበር፤ አሁን ከእኔ የምትጠብቀው የለም።

እናቱ ለቤተ ክርስቲያን ለብሰው ሊወጡ ሲሉ ነው የደረስንባቸው። ማን መሆናችንን ስነግራቸው "በመጨረሻ!" አሉ። "እኔም እኮ ስለ አገራችሁ አንብቤያለሁ። ያ ሁሉ የሚሞት ሕፃን ምንድን ነው? ሐኪም የላችሁም? ልጄ ወደዚያ ሊሄድ ነው? ደግሞስ ምን ሊበላ ነው?"

እንዳለ ተረጎምኩት።

"ምን?" አለ ምግብ ቤት ያለው አባቴ። ጣውላው ተንቀጠቀጠ። "በየቀኑ የማበላው እኔ አይደለሁም? ንገሪያት!"

ነገርኳቸው። ሳቁ። "እግሩን የሚያመው፣ ድስቱን ለማንም የማያምነው ሰውዬ እሱ ነው? ስኳር ነው አይደል? የትኛው እግሩ ነው?"

"ግራው።"

"የእኔ ቀኙ ነበር። ከጉልበቴ በታች ቆረጡት። በባዶ እግሩ እንዳይረግጥ ንገሪው። ቁስሉንም በየቀኑ ሌላ ሰው ይይለት፤ ሕመምተኛ የራሱን እግር አያይም። የእኔን ልጄ እዚህ እያለ ጠዋት ጠዋት ያጥብልኝ ነበር።"

ይሄን ስተረጉም አባቴ የሚቀመጥበት ፈለገ፤ አንድ በርጩማ ነበረች፣ ተቀመጠባት። ጉሮሮውን ጠረገ።

"አባቱን ጠይቂያት።"

ጠየቅኩ። 

"አባቱ ከእኔ ቤት ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ከሚስቱ ጋር ይኖራል" አሉ። "ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። አላገባኝም፤ እኔም አልለመንኩትም። ልጁን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አባትሽ በዚህ የሚያፍር ከሆነ አሁኑኑ ይንገረኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ረፍዶብኛል።"

ሦስት ሰው አፍ አፌን ያየኛል። 'አባቱ ሞቷል' ብል ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ይችላል። ለእህቴ ልዋሽላት የፈለግኩት ያን ጊዜ ነው፣ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሴትየዋ ሳይቅለሰለሱ የተናገሩትን ቃል እኔ ማጣመሜ አሳፈረኝ። ሁሉንም ተረጎምኩት፤ ረፍዶብኛልን ጭምር።

እህቴ ግንባሯን ጣውላው ላይ አስደገፈች።

"ረፍዶብኛል አለች?" አለ አባቴ።

"አዎ።"

"ቁጡ ናት።"

"አዎ።"

"እግሯን ያጥብላት ነበር ያልሽውስ? ለእህትሽ ብለሽ የጨመርሽው ነው?"

"አልጨመርኩም።"

"እመቤቴን በይ።"

"እመቤቴን!"

"ይቺ ልጅ ለእህቷ ብላ አትዋሽም" አሉ የክርስትና አባቷ። "ቅድም ያንን እንኳ አንብባዋለች።"

እንዲህ ተመሰከረልኝ። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ፤ አባቴ ግን ራሱን ነቀነቀ። ምስክርነቱን ተቀበለ። ከዚያ መነጋገሪያውን ከእጄ ወሰደና ደንበኛ በሚያስተናግድበት እንግሊዝኛው፣ በጩኸት፣ "ማማ! ኖ ፕሮብሌም! ጎ ቸርች!" ብሎ ዘጋው።

"ምን ማለት ነው?" አለች እህቴ። 

"ሽማግሌዎቹ ይምጡ ማለት ነው" አለ። "ሌላ ምን እንግሊዝኛ አውቃለሁ?"

ስንመለስ አባቴና ወዳጁ እየተደጋገፉ ከፊት ሄዱ። እኔና እህቴ ከኋላ ነን። አልቅሳ ጨርሳ ነበር።

"ያቺን መስመር ስለ እውነት ብለሽ ነው ያነበብሻት?"

"አይደለም።"

"አውቄያለሁ።"

"ሥራ የለሽም ስላልሽኝ ነው።"

ጥቂት ሄድን። "ኮሌጁን አስታውሼ ነው ያልኩሽ" አለች። "እሱን እያሰብኩ መሄድ ስላቃተኝ፣ እንድረሳው ብዬ ነው እንዲያ ያልኩሽ። ብረሳው ኖሮ አልልሽም ነበር።"

 ይቅርታ አልተባባልንም፤ ሁለታችንም አውቀን ነበር ያደረግነው።

ጥር ላይ ተዳረች። ኮሌጁም ያን ሳምንት ተከፈተ። ከሠርጉ በፊት ባለው ሰኞ ሽርጡን ከወገቧ ፈታች፤ አልሰጠችኝም፣ ራሷ ከኋላዬ ዞራ አሰረችልኝ፤ አጥብቃ፣ እስኪያመኝ።

"ለአንድ ዓመት ነው" አልኳት።

"ለአንድ ዓመት" አለች፤ ሁለታችንም አላመንነውም። ከጓዳ አባቴ ትሪ ወጥቷል ብሎ ተጣራ። የጠራው የእሷን ስም ነበር። እኔ ሄድኩ።