ቴሪየሯና የሰውዬው እንሰት

ወንድሜ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያሳደጋት ቴሪየር ውሻ ጎረቤቱን በጩኸቷ ስላማረረችበት፣ ቡታጅራ ድረስ አምጥቶ አስታቀፈኝ። ከጉልበቴ በታች ናት፣ ነጭ፣ አንድ ጆሮዋ ብቻ ቡናማ። "ፀጉሯን አበጥሪ፣ ጆሮዋን ጥረጊ፣ ጠዋት ማታ አስሩጫት፤ ካልደከማት ቤትሽን ታፈርሰዋለች" አለኝ። የቅድመ አያቶቿ ሥራ ጉድጓድ ድረስ ገብቶ ቀበሮ ማስወጣት ነበር አሉ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ቀበሮ ከየት ላምጣላት!

ውይ ነገረኛነቷ! በቁመት እጥፍ የሚበልጣትን የሰፈር ውሻ ታባርራለች፤ ከባጃጅ ጋር ትጣላለች። ስቆጣት ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ታየኛለች፣ አንጀቴን ትበላዋለች።

ጣጣዋ ቁፋሮዋ ነው። አከራዬ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። ጓሯቸው ካሉት እንሰቶች አንዱን ሰውዬው በመጨረሻ ዘመናቸው የተከሉት ስለሆነ፣ ለቆጮ ቢደርስም ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም። ያ እንሰት ጠወለገ። ውሻዬም ሥሩ ላይ ስትቆፍር ተያዘች።

"ልጄ፣ አንቺን እወድሻለሁ" አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ። "ይቺን ግን እስከ ቅዳሜ አስወጪልኝ። የሰውዬዬን እንሰት ገደለችብኝ።"

ምን ብዬ ልከራከር? በዓይኔ አይቻለሁ። አሰርኳትና ለወንድሜ ደወልኩ፤ ቅዳሜ ሊወስዳት ተስማማ። እሷ ምግብ እምቢ ብላ ገመዷን ወደ ጓሮ እየጎተተች ታላዝናለች። ለካ እኔም ለምጃታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ለመንገድ ገላዋን ላጥባት ስፈታት ወደ እንሰቱ አመለጠችኝ። አከራዬ ዱላ፣ እኔ ፎጣ ይዘን ስንደርስ ግማሽ አካሏ አፈር ውስጥ ገብቷል። ወደ ኋላ እየተጎተተች ስትወጣ በአፏ የሰባ ፍልፈል ይዛለች።

አከራዬ ዱላቸውን ጣሉ። እንሰቱን ገፋ ቢያደርጉት ዝም ብሎ ተጋደመ፤ ሥሩ ተበልቶ አልቋል።

"እኔን ይድፋኝ! እንሰት ስተክል ያረጀሁ ሴት! የፍልፈሉን የአፈር ክምር ሁሉ የሷ ቁፋሮ መስሎኝ!"

መሬት ላይ ቁጭ አሉና አለቀሱ። ከዚያ፣ ውሻ ነክተው የማያውቁት ሴት፣ ፎጣዬን ተቀብለው ከቡናማው ጆሮዋ ላይ አፈሩን መጥረግ ጀመሩ።

"እኔ ሳባርርሽ፣ ለእንሰቱ አንቺ ብቻ ደረስሽለት" አሏት።

በሩ ተንኳኳ።

"ወንድምሽ ነው መሰል" አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። "ግባ በይው። ምሳ በልቶ ይሂድ። ብቻውን።"