የተሰነጠቀው አረንጓዴ ማንቆርቆሪያ

የወሰዱን ከሱቃችን ነው፤ ረፋዱ ላይ። ባለቤቴ የአንዲት ደንበኛ የልብስ ሳፋ ጭኑ ላይ ገልብጦ ስንጥቁን በአመድና በሱፐር ግሉ እየሞላ ነበር። ሰዎቹ ተነስ ሲሉት ቀና ብሎ አያቸውና "ይድረቅልኝ፣ እነሳለሁ" አላቸው። አልጠበቁትም። እሱን በአንድ መኪና፣ እኔን በሌላ ጫኑን።

ምክንያቱ ሬዲዮ ነው። የማናውቀው ሰው ቀፎው የተሰበረ ሬዲዮ ለጥገና ትቶ ሄዶ ነበር፤ ሰዎቹ ሲከፍቱት በውስጡ የታጠፈ ወረቀት ተገኘ። ባለቤቴ ዕቃ ሲከፍት የሚያገኘውን ሁሉ፣ ፎቶም ይሁን ደብዳቤ፣ ሳያነብ መልሶ ይከድናል። "የሰው ሆድ ነው" ይል ነበር። ይህንንም እንደዚያው ከድኖበት ነበር።

እጁ ሥራ ያውቃል፤ ትዕግሥት ግን አልነበረውም። ሙጫው ሳይደርቅ በግራ አውራ ጣቱ ይጫነዋል። ጣቱ ላይ ምላጭ የተወው ሰያፍ ጠባሳ ስለነበር፣ በጠገነው ዕቃ ሁሉ ላይ መሐሉን መስመር ያቋረጠው አሻራ ይቀራል። ደንበኞቹ ያለ አሻራ ዕቃ ካገኙ ማህተሙን ረሳኸው ወይ እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

የሴቶቹ ክፍል ጠባብ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ሽታው በረኪናና ላብ። ከመስኮቷ ጥግ የካራማራ ተራራ ጫፍ ስለሚታይ ከጅግጅጋ እንዳላወጡን አወቅሁ። ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። በዕድሜ ትልቋን ሁላችንም ኤዶ እንላቸው ነበር፤ በሶማልኛ አክስቴ እንደማለት ነው። በአውበሬ መንገድ የግመል ወተት ይሸጡ የነበሩ፣ ልጃቸው ስላልተገኘ በእሱ ፋንታ የታሰሩ ሴት ናቸው። የክፍሉ ንብረት አንድ የውሃ በርሜልና አንድ አረንጓዴ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ነበር። ሴቶቹ ለስግደት የሚታጠቡት በእሷ ነው። አሮጌ ስለሆነች እጀታዋን ብቻ ይዞ ማንሳት ክልክል ነበር፤ ከሥር መደገፍ ያስፈልጋል።

በሦስተኛው ሳምንት ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው መነጽር ያደረገ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነበር። ባለቤቴ ወረቀቱን እንዳነበበ፣ ለማን እንደሚደርስም እንደሚያውቅ የሚገልጽ ቃል በስሜ ተጽፎ ጠበቀኝ።

"እህቴ፣ ባልሽ አምኖ፣ ፈርሞ ወጥቷል" አለኝ። "ድሬዳዋ ዘመዶቹ ጋ ነው ያለው። አንቺ ለማን ብለሽ ትቀመጫለሽ?"

እስከ ነገ እንዳስብበት ነግሮ መለሰኝ። እውነቱን ልጻፍ፤ ለመፈረም ወስኜ ነበር። እሱ ካመነና ከወጣ የእኔ ፊርማ ምን ይጎዳዋል ብዬ አሰብሁ። በዚሁ ሐሳብ እንደተያዝሁ ማንቆርቆሪያዋን ሞልቼ በእጀታዋ አንጠልጥዬ ተነሳሁ። ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። ከአፏ ሥር እስከ ወገቧ ተሰነጠቀች።

ማንም አልተቆጣኝም፤ ያ ከቁጣ ባሰብኝ። ለአሥር ሰዓቱ ስግደት ሴቶቹ ውሃ በፌስታል ተቀባበሉ። ኤዶ የተሰነጠቀውን አገላብጠው አዩትና "ባልሽ ይጠግናል፣ አንቺ ትሰብሪያለሽ። ጥሩ ትዳር ነው" አሉኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከገባሁ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኤዶ የክፍላችንን ተቆጣጣሪ ማንቆርቆሪያዋን እንድታስጠግንልን በሶማልኛ ለመኗት። ልጅቷ ይዛት ሄደች። ከቀትር በኋላ መልሳ ከበሩ ሥር አስቀመጠቻት። ኤዶ ማን እንደሠራት ጠየቋት።

"ውሃ ከያዘች ምን ቸገራችሁ?" ብላ በሩን ዘጋች።

አነሳኋት። ስንጥቁ በአመድና በሙጫ ተሞልቷል። ጫፉ ላይ፣ ወደፊት እንዳይሄድ፣ በጋለ መርፌ ትንሽ ቀዳዳ ተበስታ ተደፍናለች። ባለቤቴ እንዲህ ያደርጋል። ሌላም ጠጋኝ ሊያውቀው ይችላል ብዬ ራሴን ያዝሁ። ወደ መስኮቷ ብርሃን አዞርኋት። ከአፏ ሥር፣ በደረቀው ሙጫ ላይ፣ መሐሉን ሰያፍ መስመር ያቋረጠው አውራ ጣት ነበር።

ማንቆርቆሪያዋ የተሰነጠቀችው ትናንት ነው። እንግዲህ ዛሬ ጠዋት እሱ ድሬዳዋ አልነበረም። ከዚያ ግድግዳ ማዶ ነበር።

"ምነው፣ ታፈሳለች?" አሉ ኤዶ እጄን እያዩ።

"አታፈስም።"

"እንግዲያው ከሥር ያዣት።"

ውሃውን ሞልቼ ሳላስቀምጣት ስሜ ተጠራ።

ወንበሩ ላይ ስቀመጥ የፈራሁት መርማሪውን አይደለም፤ ፊቴን ነበር። ማወቄን ካወቀ ከየት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ከዚያ ማን እንደጠገናት ይደርስበታል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ብቻ አየሁ። ሰውየው እስክሪብቶውን ከፍቶ ሰጠኝ።

"አሰብሽበት?"

"አሰብሁበት።"

"ፈርሚና ወደ ባልሽ ሂጂ።"

ባለቤቴ እዚህ ነው የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ዋጥሁት።

"ሲያነብ አላየሁትም። ባላየሁት አልፈርምም" አልሁ።

"ራሱ አምኗል እኮ ነው የምልሽ።"

"እንግዲያው የእሱ ይበቃችኋል።"

የእስክሪብቶውን ክዳን ከጠረጴዛው አንስቼ ገጠምሁት፤ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥሁት። ለአሥራ አንድ ቀን ወደ ፀሐይ እንዳልወጣ ተከለከልሁ። እንድፈርም ግን ዳግመኛ አልጠየቁኝም።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጠዋት በሮቹ ተከፈቱና ሁላችንም ወጣን። እሱም ምንም ሳይፈርም ነበር የወጣው። ስለ ማንቆርቆሪያዋ ስነግረው መጀመሪያ አላስታወሳትም። ጠባቂዎቹ ሙጫ እየገዙ ወንበራቸውንና የስልካቸውን ቀፎ ያስጠግኑት ነበር፤ እሷም የእነሱ መስላው ነበር። ከዚያ ጣቱን አየና "ቶሎ በል እያሉኝ ነበር፤ እስኪደርቅ አልጠበቁኝም" አለ፣ ሥራው ተበላሽቷል ያልሁት ይመስል።

እስር ላይ የያዘው ሳል ግን ከዚያ ቤት አብሮት ወጣ፤ ከተፈታን ስምንት ዓመት ሊሞላን ሲል ገደለው። ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ሱቁን የምከፍተው ብቻዬን ነው። ይህንንም የምጽፈው ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት፣ በቀን ጥቂት መስመር እያልሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤት የተሰነጠቀ ሳፋ አመጣች። ከአዲሱ ስንጥቅ አጠገብ የእሱ አሮጌ ጥገና ነበር፤ ጠቁሯል፣ መስመሩ ግን ይታያል። "ይቺንም ፍቂያትና አንድ ላይ አድርጊልኝ" አለችኝ። በጥፍሬ ሞከርሁት። አልተነቃነቀም።

"እሱ ገና ይይዛል" አልኋት።

የአዲሱን ስንጥቅ ጫፍ በመርፌ በሳሁ። አመዱን ሞላሁ፣ ሙጫውን አንጠባጠብሁበት። ከዚያ እጄን ሰብስቤ እስኪደርቅ ጠበቅሁ።