ሐሙስ ቀን የተነበበ የሰኞ ዳዊት

እዚህ ፍራንክፈርት ስለ እስሬ የሚጠይቀኝ ሁሉ መስማት የሚፈልገው ስለ ዱላው ነው። እሱን ማውራት ሰልችቶኛል። ከአእምሮዬ የማይወጣው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ከጨለማ ቤት አውጥተው ወደ ሌላ ክፍል ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ ሰው ነበር። አስተማሪ ነው አሉኝ። ከምርመራ ከተመለሰ ወዲህ አይናገርም፣ ውሃም አልቀመሰም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሐኪም ጥሩልን ብለን በሩን ብንደበድብ ጠባቂው "ሲጠማው ይጠጣል" ብሎን ሄደ። እንዲህ ከቀጠለ እንደሚሞት ሁላችንም ገብቶናል።

አብረውን አንድ አዛውንት መሪጌታ ታስረው ነበር። ዳዊታቸውን ትተውላቸው መነጽራቸውን ቀምተዋቸዋል። መጽሐፉን ለእኔ ዘረጉልኝ።

"አንብብለት።"

"መሪጌታ፣ እኔ እኮ ጴንጤ ነኝ።"

"ታዲያ ፊደል አልቆጠርክም? ድሮ ሐኪም በሌለበት ገዳም መነኩሴ ሲታመም ወንድሙ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያነብለት ነበር። መድኃኒቱ እሱ ነው። በል እንግዲህ።"

እውነቱን ለመናገር አላመንኩበትም። ግን እምቢ ማለት አፈርኩ። አንድ ኩባያ ውሃ ራስጌው አስቀምጬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ሦስተኛው መዝሙር ላይ ስደርስ ከግድግዳው በኩል የደረቀ ድምፅ መጣ።

"እሱ የሰኞ ነው።"

ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ቀና አልኩ።

"ዳዊት ለየቀኑ ተከፍሎ ነው የሚነበበው። ዛሬ ሐሙስ ነው።"

እኔም መሪጌታም ቀኑ ጠፍቶን ነበር። እሱ ለካ ፊቱን አዙሮ ሲቆጥር ኖሯል። መሪጌታ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ። ደግፌ ላስቀምጠው ስል እጄን ገፋ አደረገው። ግድግዳውን ይዞ በራሱ ተነሣ፤ ተቀመጠና የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ። ዳዊት ተኝቶ አይሰማም አለ። ኩባያውን አንስቶ ግማሹን ከጠጣ በኋላ የቀረውን ለእኔ አቀበለኝ። በእኛ በጴንጤዎች ቤት ዳዊት የተነበበበት ውሃ አይጠጣም። ጠጣሁት።

በማግስቱ ወሰዱት። የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን ኦስትኤንድ በሚባለው የከተማው ሰፈር በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። ባለፈው ወር አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት መብላትም መጠጣትም ተዉ። የሥራ ፈረቃዬ አልቆ ጃኬቴን ከለበስኩ በኋላ ተመልሼ ገባሁና ኮሞዲኖው ላይ ከነበረው መጽሐፋቸው አነበብኩላቸው። ጀርመንኛዬ ሕፃን የሚያስቅ ነው። በየመስመሩ ስሳሳት ያርሙኝ እንደሆነ ብዬ ፊታቸውን አያለሁ። አላረሙኝም። ቢሆንም ምዕራፉን ሳልጨርስ አልተነሣሁም።