እህቴ ብድግ ያላለች ዕለት

ባለፈው ሳምንት ሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ ምሳ ስበላ፣ አንዱ ጎልማሳ ሚስቱን «ተነሺ እንጂ! ምን ያሞላቅቅሻል?» ሲላት ሰማሁ። ልጅቷ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ተክላ ወገቧን ስትጎትት አየሁና ደሜ ፈላ። ያቺን አነሳስ አውቃታለሁ።

የታላቅ እህቴ የለተብርሃን አነሳስ ናት። ጋዝጊብላ ወረዳ በተዳረች በዓመቷ እንስራ ማንሳት አቃታት፤ ፀጉሯን ለማበጠር እንኳ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አልወጣ አለ። የዐይኗ ቆብ ሐምራዊ ሆነ። «ሥራ ጠልታ ኩል ትኳላለች» አሏት። ጉድ እኮ ነው!

ጥቅምት ላይ፣ ቤቱ የባቄላ እሸት ጥብስ ሲሸት፣ የባሏ አባት ከነእንግዶቻቸው ገቡ። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። እሷ በርጩማዋ ላይ ቀረች። እኛ አገር አማት ሲገባ ቁጭ ብሎ መቅረት በጥፊ ከመምታት አይተናነስም። አዛውንቱ ጋቢያቸውን ሰብስበው «የናቀችኝ ሴት ቤቴ አታድርም» አሉ። «ምን ሆነሽ ነው?» ያላት አንድ ሰው የለም። ባሏም ለአባቱ ወንበር ሳበ።

እኔስ ብሆን? አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከአባቴ ጋር ሄጄ ሳመጣት መንገዱን ሙሉ ሰደብኳት።

«ብድግ ብትዪ ምን ነበረበት? አዋረድሽን!»

«እግሬ እምቢ አለኝ እኮ፣ እህቴ።»

«እግር ደግሞ እምቢ ይላል?»

አቀበቱን ድንጋይ እየያዘች ስትወጣ ዞሬ አላየኋትም። ዛሬም ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

ውሃ እንኳ ትን እያለ ሲያስቸግራት ነው ትልቅ ሆስፒታል የወሰድናት። ሐኪሟ ወንበር ላይ አስቀምጣ «ክንድሽን ደረትሽ ላይ አጣጥፈሽ ተነሺ» አለቻት። አልቻለችም። ደሟንም ጡንቻዋንም ከመረመረች በኋላ ወደ አባቴ ዞረች።

«አባባ፣ ስንፍና አይደለም፤ ቡዳም አይደለም። ሰውነቷ በሽታ የሚከላከልበትን ኃይል በገዛ ጡንቻዋ ላይ አዙሮታል። ጡንቻው ይቆጣል፣ ይደክማል። መድኃኒት አለው፤ ግን ዘግይታችሁ አመጣችኋት።»

አባቴ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

መድኃኒቱ ፊቷን አሳበጠው፤ ክንዷን ግን መለሰላት። በዓመቱ ፀጉሯን ራሷ አበጠረች። ይህን የሰሙት አማቷ ሽማግሌ ይዘው «ትመለስልን» ሊሉ መጡ። ቤተሰቡ በሙሉ ብድግ አልን። ለተብርሃን በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀቻቸው።

«አባባ፣ ዛሬ እግሬ ደህና ነው» አለቻቸው። አልተነሳችም።

ለዚህ ነው ባለፈው ሳምንት ምሳ ቤቱ ውስጥ ጎልማሳው ላይ የጮህኩበት። «አንተ! ክንዷን ያዝና ሐኪም ቤት ውሰዳት!»

«እርስዎን ምን አገባዎት፣ እናቴ?»

«ያገባኛል!»

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን ያያል። እሷን የሚያያት የለም። አጠገቧ ተቀመጥኩና «ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?» አልኳት፤ ለእህቴ አንድ ቀን እንኳ ያላልኳትን።